ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህና ወዲያ፦ ባለሀብቱ ለምን ጡረታ አይወጣም?

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዶ ራስ መኮንን ድልድይን የተሻገረ ሰው ዳገቱን ሲጨርስ የሚደርስበት ሰፈር፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ ከተማ ከሆነች ጀምሮ ንግድ ያልተለየው ሰፈር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና ዓረቡ ሱቅ የከፈቱት፣ ወርቅ አንጣሪውና ልብስ ሰፊው የሠፈሩት በዚሁ ዙሪያ ነው። በዚህ ሰፈር ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ባለሀብቱ ፎቅ ሠርቷል፤ ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል፤ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ዕድሜውም ሰባን አልፏል። ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬም ከሠራተኞቹ ቀድሞ ሱቁን የሚከፍተው? ለምን አያርፍም? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። “ገንዘብ አይጠገብም” ይባልና ወሬው ይዘጋል።

ይህ መልስ ለእኔ አይበቃኝም። ስግብግብ ባለሀብት የለም ለማለት አይደለም፤ ሞልቷል። ነገር ግን ስግብግብነት በየአገሩና በየዘመኑ ያለ ጠባይ ስለሆነ የእኛን አገር ባለሀብት የተለየ ሁኔታ አያስረዳም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በኢትዮጵያ ሀብት ባለቤቱ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ብቻውን መቆም አይችልም። የሚያስቀምጡት ቦታ ጠፍቶ ይሟሽሻል፣ በአዋጅ ይወሰዳል፣ ወይም ከሰውየው ስምና ፊት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሰውየው ሲቀር አብሮት ይቀራል። ባለሀብቱ የማያርፈው በአብዛኛው ሀብቱ ስለማያሳርፈው ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ጠባይ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ ስለ ሕጋችን፣ ስለ ባንኮቻችንና ስለ ታሪካችን ብዙ የሚናገር ነገር ነው።

ጡረታ የሚባለው ነገር ለማን እንደተሠራ እንመልከት። በአገራችን ዘመናዊው የጡረታ ሥርዓት መልክ የያዘው በ1955 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ወደ ሥርዓቱ የገባው ግን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መውጫው ዕድሜ 60 ነው፤ አበሉም ቢበዛ ከደመወዙ 70 በመቶ አያልፍም። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሳለው ሰው ደመወዝተኛ ነው። ነጋዴው ለሠራተኞቹ 11 በመቶውን በየወሩ ይከፍላል እንጂ ለራሱ “ዛሬ ይብቃህ” የሚል ደብዳቤ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤት የለም። ጡረታ ሲባል በሰው ዓይን የሚመጣውም ወር ጠብቆ አበሉን የሚቀበል፣ ኑሮ የከበደው አዛውንት ነው። ለባለሀብት ጡረታ ወጣ ማለት ወደቀ ከማለት ብዙ አይርቅም። እርግጥ ነው፣ ለሚሊዮን ብር ባለቤት የጡረታ አበል ምኑም አይደለም፤ የራሱን ጡረታ ራሱ ማዘጋጀት ይችላል ይባል ይሆናል። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በምን ያዘጋጀው?

ባንክ ውስጥ ያስቀምጠው እንበል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣበት ጊዜ አየን። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ አንድ ሚሊዮን ሰባ ሺህ ያወጣል። ዕቃው በ30 በመቶ ከተወደደ ግን ያ ገንዘብ የሚገዛው አምና በ823 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ከሀብቱ የሚተርፈው ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ያውም አንድ ሳንቲም ሳይበላበት። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ወለዱን እየበላ ሊያርፍ የፈለገ ሰው በወረቀት ላይ ብሩ እየጨመረ በኑሮ ግን ደሃ ሆነ። ዕቃ የያዘው፣ መጋዘን የሞላው፣ ጠዋት ዋጋ ጠይቆ ከሰዓት የሸጠው ነጋዴ ግን ከገበያው ጋር አብሮ ከፍ አለ። አርፎ መቀመጥን የሚቀጣ፣ መሯሯጥን የሚሸልም ኢኮኖሚ ውስጥ ሆነን አዛውንቱን ለምን ትሮጣለህ ማለት አግባብ አይመስለኝም።

ሌላው ዓለም ለዚህ ችግር የሚጠቀምበት መሣሪያ አክሲዮን ነው። ሰው ድርጅቱን ሳይመራ የድርጅቱን ትርፍ ይካፈላል፤ ሲፈልግም ድርሻውን ሸጦ ይወጣል። በእኛ አገር የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. እንደገና ሲፈቀድ የመጀመሪያው አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖች፣ በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ብዙ ነጋዴ ከዚያ ወዲህ አክሲዮን መግዛት ለምዷል። ነገር ግን የገዛውን በተፈለገ ሰዓት የሚሸጥበት የተደራጀ ገበያ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ የተዘረዘሩትም ድርጅቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሀብቱን በርቀት ሆኖ ሊይዝ ለፈለገ ሰው የቀረው ነባሩ መንገድ ቤት ሠርቶ ማከራየት ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ደግሞ ይህ መንገድ የት እንዳደረሰ የሚመሰክሩ ነበሩ።

ከአብዮቱ በፊት በአዲስ አበባ የሀብታም ጡረታ ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነበር። ነጋዴው ሲደክመው፣ መኮንኑ ከሹመት ሲወርድ፣ ባልዋ የሞተባት ወይዘሮ ልጆቿን ስታሳድግ፣ በአራዳ፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በሰባራ ባቡር ያሠሩትን ቤት እያከራዩ ይኖሩ ነበር። ሰው በጉልበቱ ዘመን ደክሞ ቤት ይሠራል፣ በእርጅናው ዘመን ቤቱ ይጦረዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አፈረሰው። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ትርፍ የተባለው ሁሉ ተወረሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ጥር ላይ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች፣ የካቲት ላይ የገጠር መሬት ተወርሰው ነበር። በስምንት ወር ውስጥ አርፎ የሚበላባቸው መንገዶች በሙሉ ተዘጉ ማለት ነው።

አዋጁ ለተከራዩ የሰጠው እፎይታ ትልቅ እንደነበር አልክድም፤ የከተማው መሬት በጥቂቶች እጅ ተይዞ የነበረበትን ዘመን መልሼ ላሞግስ አልነሳሁም። የማነሳው አዋጁ በሀብታም ቤተሰቦች ልብ ውስጥ የተወውን ትምህርት ነው። በዚያ ዓመት ክፉኛ የወደቀው ሥራ ያቆመው ሰው ነበር። በኪራይ ብቻ የሚኖረው ባዶ እጁን ቀረ። የእጅ ሙያ የነበረው፣ ደንበኛ የነበረው፣ ሸቀጥ ከየት እንደሚመጣና ለማን እንደሚሸጥ የሚያውቀው ግን እንደምንም ብሎ ከርሞ አለፈ። ሙያንና ስምን የሚወርስ አዋጅ የለምና። የዛሬዎቹ የሰባ ዓመት ባለሀብቶች ያኔ የሃያ ዓመት ወጣቶች ነበሩ። የአባታቸው ቤት ሲቆጠር፣ ቁልፉ ሲወሰድ ቆመው ያዩ ናቸው። እነዚህን ሰዎች አሁን “ሕንጻውን አከራይተህ አርፈህ ተቀመጥ” ማለት ቀላል ነው፤ እነርሱ ግን አርፎ የተቀመጠ ሰው ምን እንደደረሰበት ያውቃሉ። የተወረሱት ቤቶች ራሳቸውም የሚያድሳቸው ባለቤት አጥተው፣ ጣራቸው ዝጎ፣ ግድግዳቸው ተንጋዶ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ቆዩ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው የፒያሳ አሮጌ ክፍል ሲነሳ ከፈረሱት አብዛኞቹ እንዲህ ያረጁ ቤቶች ነበሩ። የሱቅ ቦታቸውን ያጡ ነጋዴዎችም ይዘውት ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱት ነገር ሸቀጣቸውና የደንበኞቻቸው ስልክ ቁጥር ነው። ዳግመኛ የጀመሩት በዚያ ነው።

ነገሩ ከደርግም በፊት ሥር ያለው ነው። በድሮው ሥርዓት የባለሥልጣን ሀብት ከሹመቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። ጉልት የሚሰጠው ለአገልግሎት ነው፤ ሹመቱ ሲነሳ ጉልቱም፣ ግብሩም፣ ከደጁ የሚቆመው ሰውም አብሮ ይነሳል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ዛሬ የምንጠቅሰው ሌብነትን ለመንቀፍ ነው፤ ግን በውስጡ እውነተኛ የኑሮ ስሌት አለ። ከቦታው የወረደ ሰው የሚወርደው ከሁሉም ነገር ነበር፤ ስለዚህ እስከ ዕለተ ሞት በሥራ ላይ መቆየት ክብርም ዋስትናም ነበር። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ራስ መኮንን ራሳቸው የሐረርን ሰፊ ግዛት የሚያስተዳድሩ፣ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ባለጸጎች የሚቆጠሩ መስፍን ሲሆኑ፣ ሕይወታቸው ያለፈው በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ታመው ወደ አዲስ አበባ በመጓዝ ላይ ሳሉ ቁልቢ ላይ ነው። ከሥራ ተሰናብቶ በሰላም ማርጀት የሚባል ወግ ለእርሳቸው ዓይነት ሰው አልተበጀም ነበር። እርግጥ ያኔ መሥራት ማለት ማዘዝና መፍረድ፣ ጦር መምራትና ግብር ማብላት ነበር እንጂ እጅን ማቆሸሽ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ እስከማወጅ የደረሱት የእጅ ሥራ ምን ያህል የተናቀ እንደነበር ስላዩ ነው። የዛሬው ነጋዴ ከዚያ ዘመን የወረሰው ሥራ ወዳድነትን ሳይሆን በቦታ ላይ መገኘትን ነው። ወንበሩ ላይ የሚታይ ሰው አለ ይባላል፤ የማይታይ ሰው ተረሳ።

በቦታ ላይ መገኘት ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ለማየት የፒያሳን ወርቅ ቤት ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። በመስታወቱ ውስጥ ሐብሉ፣ ቀለበቱና የጆሮ ጌጡ ተደርድሯል፤ ከጠረጴዛው ጥግ ደግሞ ነፋስ እንዳያዛባት በመስታወት የተከለለች ትንሽ ሚዛን አለች። ሱቁ በእርሷ ላይ ቆሟል። ጠዋት ለአንጣሪው የሚሰጠው ወርቅ ይመዘናል፤ ማታ የተሠራው ጌጥ ይመዘናል፤ ሲሞረድና ሲላግ የሚበነው ወርቅ ከጠረጴዛው ስር ተጠርጎ እንደገና ይቀልጣልና እርሱም ይመዘናል። ደንበኛ አሮጌ ጌጥ ሲያመጣ 18 ካራት ይሁን 21 የሚለየው የባለቤቱ ዓይን ነው። የአንድ ግራም ስህተት የቀኑን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ደንበኛዋ በበኩሏ የገዛችው ወርቅ በተባለው ካራት ልክ መሆኑን የምታምነው እናቷም ከዚያው ሰው ስለገዛች ነው። ታዲያ ይህ ሰው ቢቀር የሚቀረው ምንድን ነው? መስታወትና ሚዛን። ሚዛኗን የሚያምን ሰው የመጣው እርሱን አምኖ ነበር።

ይህ የወርቅ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። የአገራችን ንግድ በብዛት የሚሄደው በእምነት ነው። አስመጪው ለጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው ለቸርቻሪው በዱቤ ይሰጣል። የሚሰጠው ሰውየውን ስለሚያውቀው፣ ለቅሶ ላይ ስላገኘው፣ በአንድ ዕቁብ ስለጣሉ ነው። ትልልቅ የነጋዴ ዕቁቦች ባንክ ያልደፈረውን ገንዘብ ያለ መያዣ ለሰው ያስጨብጣሉ፤ መያዣው ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንትም ቦታው ላይ እንደሚገኝ መታወቁ ነው። ከገበያ የቀረ ሰው ከዕቁቡ ይወጣል፤ ከዕቁቡ የወጣ ዱቤ ያጣል፤ ዱቤ ያጣ ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ አይባልም። ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ ቤት መቀመጥ የሚባለው መፍትሔ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የተቀጠረው ሰው ደመወዙን እንጂ ስሙን ይዞ አይመጣም፤ ስም ማውጣት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱን ሱቅ ይከፍታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ፣ ወደ ስግብግብነት ልመለስ፤ ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለምና። “የድህነት ፍርሃት ያለው ደሃ ነው፤ መቶ ሚሊዮን ያለው ሰው ግማሹ ቢጠፋበት እንኳ ይኖራል፤ ስለዚህ የሚያሠራው ፍቅረ ንዋይ ብቻ ነው” የሚል ሰው አለ። ነገር ግን ሰውን የሚያሠራው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቂ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ ያቆም ነበር። ስዊድን ውስጥ የሎተሪ ዕድለኞችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች ከሥራ የሚያገኙት ገቢ የሚቀንሰው በመጠኑ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ መሥራታቸውን አልተዉም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ150 ሺህ ዶላር በላይ የወረሱ ሰዎች ከ25 ሺህ በታች ከወረሱት ይልቅ በአራት እጥፍ ያህል ሥራ የመተው ዝንባሌ እንዳላቸው አገኘ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የምረዳው ይህን ነው፤ ሳይደክሙ የመጣ ትልቅ ሀብት ከሥራ ሊያርቅ ይችላል፣ በሥራ የተገኘ ሀብት ግን ከሥራው የሚነጠልበት ምክንያት ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ4,000 በላይ ሚሊየነሮችን የጠየቀ ጥናትም ሀብታቸውን ራሳቸው ያፈሩት ከወራሾቹ ይልቅ በሕይወታቸው ደስተኞች ሆነው እንዳገኛቸው ዘግቧል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት የአገር ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን ሲያስረዱ፣ ወርቅና ብር በራሳቸው ሀብት አይደሉም ማለታቸው ነበር። አርባ ዓመት የነገደ ሰው ይህን በመጽሐፍ ባያነበውም በኑሮው ያውቀዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ባንኩ፣ አክሲዮኑና የጡረታ ፈንዱ በተሟላባቸው አገሮችም ባለሀብቶች አያርፉም፤ ታዲያ ችግሩ የእኛ ተቋማት ነው ማለት እንዴት ይቻላል? እውነት ነው፣ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1930 በመቶ ዓመት ውስጥ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ እንደሚሠራ ተንብዮ ነበር። የሆነው ግን የተለየ ነው፤ በአሜሪካ ከ1979 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ረጅም ሰዓት መሥራት የጨመረው በተለይ ከፍተኛ ተከፋይ በሆኑት ዘንድ እንደነበር ተመዝግቧል። ዋረን በፌት ከዓለም ቀዳሚ ባለጸጎች አንዱ ሆኖ ሳለ የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅነት ያስረከበው በ95 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ማብቂያ ነው። ስለዚህ ከተቋም ውጭ የሆነ የሰው ልጅ ጠባይ እንዳለ እቀበላለሁ። ልዩነቱን ግን ከዚሁ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በፌት ቢፈልግ በ60 ዓመቱም ማረፍ ይችል ነበር፤ ሀብቱ አይነካም፤ ተተኪው ጃንዋሪ 1 ቀን ሥራውን ሲረከብ ድርጅቱ አንድ ቀን አልተዘጋም። እርሱ የሠራው መርጦ ነው። የእኛው ነጋዴ ግን መምረጥ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ከእነርሱ መካከል ማን ሥራውን ስለወደደ፣ ማን ማቆም ስላልቻለ እንደሚሠራ እንኳ ለይተን ማወቅ አንችልም።

ሥራውን ስለሚወድ የሚሠራ ሰው መኖሩን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ ሩጫ ማቆሙን አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ከውድድር በእርግጥ የተሰናበተው በግንቦት 2007 ዓ.ም. ማንቸስተር ላይ ነው፤ ዕድሜው አርባ ሁለት ነበር፤ ገንዘብ ሞልቶታል። ሊያርፍ የሚችል ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። እርሱ ግን ሆቴሉንና ሪዞርቱን፣ የቡና እርሻውን፣ የመኪና መገጣጠሚያውን ይዞ ቀጠለ፤ በመሐል የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት በ2009 ተረክቦ በ2011 ለቀቀ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ በተነሳው ሁከት ሻሸመኔና ባቱ የነበሩት ሆቴሎቹ ጉዳት ደረሰባቸው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ሥራ አጡ። በኃይሌ ላይ ሁለቱም ነገር አንድ ላይ ይታያል። ከልጅነቱ የለመደው ትጋት አለ፤ ደግሞም ብዙ ዓመት የተለፋበት ሀብት በአንድ ቀን ሊጠፋ የሚችልበት አገር አለ። ሥራ ወዳዱም ቢሆን ከስጋት ነጻ ሆኖ አይደለም የሚሠራው።

በዚህ ላይ የዘመድ ነገር አለ። በእኛ አገር ሀብታም ሰው ለብቻው ሀብታም አይሆንም። ከአገር ቤት የመጣ የወንድም ልጅ ሱቁ ውስጥ ይሠራል፤ የእህት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ይወጣል፤ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ማሠሪያ ወደ እርሱ ይመጣል። መንግሥት ያልዘረጋውን መድን ባለሱቁ ዘርግቶታል። ሱቁ ሲዘጋ የሚዘጋው የአንድ ሰው ገቢ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ማረፉን በሌሎች ኪሳራ የሚያገኘው አድርጎ ያየዋል። ይህን ስሜት አከብረዋለሁ። አገራችንን ብዙ ጊዜ ያቆማት ይኸው ነው።

ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሰውየው እስከ መጨረሻዋ ቀን ቁልፉን በኪሱ፣ ሒሳቡን በጭንቅላቱ ይዞ ሲቆይ፣ ሞት ሲመጣ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ማን ስንት እንዳለበት፣ የትኛው ዕቃ በማን መጋዘን እንደተቀመጠ፣ የትኛው ቼክ ዋስትና እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆችን እኩል ያወርሳል። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ ሱቅ ግን እንደ እርሻ ማሳ በገመድ ተለክቶ አይከፈልም። አንዱ ልጅ አሜሪካ ነው፣ አንዷ ሐኪም ናት፣ አንዱ ብቻ ንግዱን ያውቃል፤ ሁሉም እኩል ድርሻ አላቸውና አርባው ሳይወጣ ጠበቃ ይፈለጋል። መጨረሻው ሸጦ መካፈል ነው። በዚህ ምክንያት በከተማችን ሦስተኛው ትውልድ ላይ የደረሰ የንግድ ቤት ማግኘት የሚያስቸግር ሆኗል። እያንዳንዱ ትውልድ ከባዶ ይጀምራል፤ በዕዳ ይነሳል፤ ሲበቃው ይሞታል። ልጆቹም ቢሆኑ አርባ ዓመት እስኪሞላቸው “አባባን ጠይቁ” እያሉ አድገው ውሳኔ የመስጠት ልምድ ሳይኖራቸው በድንገት ይጋፈጡታል። ወጣቱ ቦታ አጣ የሚለው ቅሬታ በዚህ በኩል እውነት አለው። ሽማግሌው ሥራ መሥራቱ የወጣቱን እንጀራ አይወስድም፤ እንዲያውም ለብዙዎች ይፈጥራል። የሚጎዳው ሳያስረክብ መሥራቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚስተካከለው አዛውንቱን በመውቀስ አይደለም። የቁጠባ ወለድ ከዋጋ ንረት በታች እየዋለ፣ ንብረት በአዋጅና በሁከት እየተነካ፣ የአክሲዮን ገበያው ገና ዳዴ እያለ ሰው ተማምኖ ያርፋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የዋጋ ንረትን ማብረድና ንብረትን ማስከበር የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለዚያ የሚተካ ምክር የለኝም። የባለሀብቱ የራሱ የሆነ ድርሻ ግን አለ፤ ሕጉም ለዚህ ከቀድሞው የተሻለ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ንግዱ ከሰውየው ተለይቶ በራሱ ስም መኖር፣ መበደር፣ መክሰስና መከሰስ ይችላል። ይህን በመጠቀም ሱቁን ወደ ማኅበር የሚያዞር፣ ለልጆቹ አክሲዮን የሚያካፍል፣ ንግዱን ለሚያውቀው ልጅ ሥራ አስኪያጅነቱን በሕይወቱ እያለ የሚሰጥ ነጋዴ፣ ራሱም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቢቀመጥ ምንም አይከለክለውም። ማረፍ ማለት ቤት መዋል ብቻ አይደለም፤ ውሳኔውን ለሌላ ሰጥቶ ምክሩን ይዞ መቆየትም ይቻላል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ዕድሜያችሁ ገፍቶም በየሱቃችሁ የምትውሉ አባቶችና እናቶች፣ ሥራችሁን ተዉ አልላችሁም፤ የምትተዉበት ነገር ገና አልተመቻቸምና። የምለምናችሁ የዕዳና የብድር መዝገባችሁን ሌላ ሰው በሚያነበው መልክ እንድትጽፉ፣ የምትተኩትን ልጅ ወይም ሠራተኛ ወደ ዕቁቡና ወደ ባንኩ ይዛችሁት እንድትሄዱ፣ ደንበኞቻችሁም ፊቱን እንዲለምዱት አሁኑኑ እንድታስተዋውቁት ነው። ኑዛዜያችሁንም አታሳድሩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚጠይቀው በጽሑፍ መሆኑን፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡንና መፈረሙን፣ ይህ መፈጸሙና ቀኑም በጽሑፉ መጠቀሱን ነው፤ ከዚያ በላይ ወጪ የለውም።